ታኮ

የድሬ ፀሐይ ሲከር ቆርቆሮው ይጮሃል፤
ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጎማው ራሱ ያልበዋል።
እኔ ሃምሳ አለቃ፣ የብሎን ዘበኛ፣
ሃያ ሦስት ዓመት የመደርደሪያ ዳኛ፣
ሰማይን የማውቀው በእርሳስና በካርድ፦
ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ አንድ ሲቀነስ ከአንድ።

ሰው ይስቅብኛል፤ "አብራሪ አይደለህ!" ይላል፤
"ብረት እየቆጠርክ ምን ያስጨንቅሃል?"
አንዲት የጎማ ቀለበት፣ ጠባብ እንደ ጣት፣
ሳጥኗ ባዶ ሆኖ የታጣች ለት፣
አቤት የሚሆነው!
ጄቱ ከነግርማው፣ ከነሙሉ ክንፉ
ቁጭ ይላል መሬት ላይ፣ ሸራ ለብሶ አፉ።
ተማሪዎቹ ደግሞ፣ ቱታቸውን ለብሰው፣
ከኒሙ ጥላ ሥር ሀብሐብ ተካፍለው
ሽቅብ ያያሉ።

መርከቡ ጅቡቲ ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ።
ሳጥኑስ? "ይመጣል፣ መስከረም ሲጠባ።"
የትኛው መስከረም? እሱን አልጻፉልኝም።

ስለዚህ እንሄዳለን፣ ወደ አሥራ ሰባት፣
ከሃንጋሩ ጀርባ፣ ፀሐይ ቀለሟን የላሳት።
አርባ ልጅ አዝላ አየር ላይ ያስተማረች፣
ዛሬ የአሸዋ ከረጢት ተደግፋ የቆመች።
ፓምፗን ለአሥራ አንድ ሰጠች፣ መስታወቷን ለአራት፣
ጎማዎቿን ለሃያ፣ ራዲዮዋን ለስምንት።
ካርዷ ላይ "ገቢ" ከሚለው ዓምድ ሥር
አንድ መስመር የለም፤ ወጪው ግን ሲቆጠር
ሦስተኛ ገጽ ገብቷል።

አንድ ቀን ሃዊ መጣች፣ ከዕጩዎቹ አጭሯ፤
ፔዳል አልደርስ ብሏት የገዛ እግሯ፤
የማስጠጊያው ጥርስ ረግፎ፣ ፔዳሉ አልቀርብ ብሎ፣
"ቁመቷ አይበቃም" የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ውሎ።
እጇ ላይ ስፖንጅ ይዛለች፣ ከታይዋን ገበያ፣
ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ለወገብ መደገፊያ።
"ይችን ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ ጋሽ እንዳሻው" አለችኝ።
"አይሆንም" አልኳት። ልጅቷ ገላመጠችኝ።
ወንበሩ ከሥሩ ባሩድ አለው የተኛ፤
በክፉ ቀን ሲተኩስ ልስላሴ አይሆንም ጓደኛ።
ስፖንጁ ሲጨመቅ ብረቱ ይፈጥናል፣
ደርሶ ሲመታሽ አከርካሪሽ ይደቃል።
ይህን ነገርኳት። ዝም አለች። ስፖንጁን ግን አልጣለችም።

ሙክታር ዘንድ ወሰድኩት፣ የምድር ባቡሩ ሙክታር፣
ብረት እንደ ትርንጎ የሚልጠው ከአሮጌ ቶርኖው ዳር።
"ለመግሪብ አደርስልሃለሁ" አለ። ደግሞ ያደርሰዋል፤
ከፋብሪካው ጥርስ ይልቅ የሱ ጥርስ ያምራል።
ግን ወረቀት የለውም፤
ወረቀት የሌለው ብረት ሰማይ አይገባም።
(ለመሰላሉ እግር፣ ለመጎተቻው ዘንግ
የሱን ሥራ ነው ያሰርነው፤ መሬት አያበዛም ሕግ።)

ማታ፣ በባትሪ መብራት፣ አሥራ ሰባት ሆድ ገባሁ፣
ጉልበቴን አጥፌ በጀርባዬ ተኛሁ፣
የቀራትን አንድ ጥርስ ፈታሁባት በእጄ።
"ይቅር በይኝ" አልኳት፣ "ለልጅሽ ነው፣ ወዳጄ።"
ጠዋት መርማሪው ለካው፣ አገላበጠው፣ ማኅተሙን መታ።
ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ወጪ፣ አንድ።
ምክንያት፦ እግሯ እንዲደርስ።
(አለቃዬ አንብቦ ዝም አለ። ፈረመ።)

ሐሙስ ሃዊ ተነሳች። የቀፊራ ነጋዴ
ቀና አላለም፣ ለምዶታል። እኔ ግን ለአንዴ
እርሳሴን ጥዬ ወጣሁ፣ ጥላ ወደሌለው ሜዳ፣
ቆጠርኩ አንድ በአንድ፣ ሽቅብ፣ የሰማይን ዕዳ፦
ፓምፑ ከአሥራ ሰባት። ፔዳሉ ከአሥራ ሰባት።
ድፍረቱ ግን የልጅቷ ነው፤ እሱ ካርድ የለውም።

አመሻሽ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ዙሪያዋን ዞርኩኝ፣
ቀዩን ሽፋን አፏ ላይ ሳስር ድንቢጥ ወጥታ አየችኝ።
ከዚያ ታኮ አነሳሁ፣ ሁለት ቢጫ እንጨት፣
ከሥሯ አስቀመጥኩላት፣ ከግራ ከቀኝ፣ በጥንቃቄ።
ጎማ እኮ የላትም።
አውቃለሁ።
ግን ንፋስ የመጣ ለት
እሷን ማን ያምናታል?